የመጀመሪያ ልጄ ነው፦ ጅማ ልውለድ ወይስ እናቴ ቤት ልሂድ?

የቡና አበባ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

ሰላም እህት ወንድሞቼ። ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ የመጀመሪያዬ ነው። እኔና ባለቤቴ ጅማ የገባነው ለሥራ ነው። ቆጪ አካባቢ ተከራይተን እንኖራለን። የኔ እናት ደብረ ብርሃን ናት፤ የእሱ እናት ደግሞ አጋሮ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ «የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው» ብላ ሙጭጭ ብላለች። ክፍሌን ቀለም አስቀብታ፣ አጃውን አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ጨርሳለች። በግ ሁሉ ታስሯል። አማቴ ደግሞ «ሐኪም ቤት ደጃፍሽ ላይ እያለ ጊቤን አቋርጠሽ የምትሄጂው ምን ፍለጋ ነው?» ይላሉ። ሁለቱም በየቀኑ ይደውላሉ። ባለቤቴን ስጠይቀው «አንቺ እንደፈለግሽ» ይለኛል። ከሁሉም በላይ የሚያበሽቀኝ ይሄ «እንደፈለግሽ» ነው።

ክትትሌ እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው። እስካሁን ሁሉም ደህና ነው ተብያለሁ። መንገዱ ግን ያሳስበኛል። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሌላ 130። እናቴ እንዳትመጣ ደግሞ አባቴንና ላሞቹን ማን ይያዝላት?

አንድ ሌላ ጥያቄም አለኝ። የቡና ሽታ እስካሁን አልተወኝም። ሲቆላ ሆዴ ይገለበጣል። የግራ ጎረቤቴ ጠዋት ይቆላሉ፣ የቀኟ ከሰዓት ትቆላለች፣ አከራዬ ደግሞ ማታ። ጅማ ተቀምጦ ከቡና የት ይሸሻል? ከወለድኩ በኋላ ይተወኝ ይሆን?

የሰፈር ልጅ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡41

ጅማ ተቀምጦ ቡና መጥላት ከከተማ የሚያስባርር መሰለኝ። ለማንኛውም እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ ምክር የለኝም፤ ለማንበብ ነው የተቀመጥኩት።

የድሮ ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ልጄ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽን ስሚያት። እናት ቤት መውለድ ወግ ብቻ እንዳይመስልሽ። አራስ ስትሆኚ ያለ ምክንያት ታለቅሻለሽ። ጡትሽ ይቆስላል። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ሰው ትደገፊያለሽ። ይሄን ሁሉ አማትሽ ፊት ልታደርጊው ነው? አማት ጥሩ ብትሆንም አማት ናት። እናትሽ ጋ ብትነጫነጪ ማን ይቆጥርብሻል?

የቡናውን ነገር እርሺው። እኔ ሁለተኛዋን ሳረግዝ ቁሌት አልችልም ነበር። ባሌ ዘጠኝ ወር ሙሉ አልጫ በላ። ከወለድሽ ማግስት «ቡና የለም ወይ?» የምትዪው ራስሽ ነሽ።

አዋላጅ ነርስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እንኳን ደስ ያለሽ። እዚሁ ከተማ የምሠራ ሚድዋይፍ ነኝ። ክትትል ያደረግሽበት ከተማ ብትወልጂ ለኛ ይቀለናል፤ ታሪክሽ እጃችን ላይ ስላለ። ጤና ጣቢያሽ ከአቅሜ በላይ ነው የሚለው ነገር ቢገጥመው ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም፣ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከልም ቅርብ ናቸው። ደብረ ብርሃንም ሆስፒታል አላት፣ ሰው አይወልድባትም አላልኩም። ችግሩ መሀሉ ላይ ያለው መንገድ ነው። ምጥ ሰኮሩና ወልቂጤ መሀል ቢመጣ ምን ልታደርጊ ነው?

ከወሰንሽ ቶሎ ሂጂ። 36ኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ረጅም መንገድ እኔ አልመክርም። ስትሄጂ የክትትል ካርድሽን በእጅ ቦርሳሽ ያዢ፤ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ መኪና ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ። በየሰዓት ተኩሉ ውረጂና ተራመጂ፤ ለረጅም ሰዓት እግር አጥፎ መቀመጥ ለነፍሰ ጡር ደም ያረጋል። ቀበቶው ከሆድሽ በታች፣ ጭንሽ ላይ ይለፍ። አውሮፕላን ካሰብሽ ወርሽ ከገፋ የሐኪም ወረቀት ስለሚጠይቁ አስቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ።

አሁን ለሁላችሁም የምለው አለኝ። የደም ዓይነታችሁን እወቁ! ኔጋቲቭ ከሆንሽና ባልሽ ፖዘቲቭ ከሆነ ሾተላይ የሚባለው ነገር አለ። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ምንም አይሆንም፤ የሚጎዳው ቀጣዩ ነው። መከላከያ መርፌው በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል። ልጁ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተወለደ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። መርፌው ውድ ነው፤ ሁሉም ፋርማሲ ደጃፍ ላይም አይገኝም። በምጥ ሰዓት ባልሽ ከተማውን እንዳያስስ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስለ ቡናው፦ ሽታው እስከ መጨረሻው የማይለቃቸው አሉ፣ በራሱ ችግር የለውም። እንዲያውም ላንቺ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። እዚህ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ በቀን ሦስት ቤት የሚዞሩ ነፍሰ ጡሮች አሉኝ። የአይረን ኪኒናቸውንም በቡና ነው የሚውጡት! ቡናም ሻይም አይረኑን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራራቁ። ኪኒኑን በብርቱካን ወይ በሎሚ ውኃ ውሰጂው። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ከኪኒኑ ነው።

የቡና አበባ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

አመሰግናለሁ። ነርሷ፣ ደሜ ኦ ፖዘቲቭ ነው፤ ተገላገልኩ።

የሚያሳፍር ነገር ልጠይቅ። ዝናብ ሲዘንብ የአፈሩ ሽታ ያሳብደኛል። የጓሮውን የጭቃ ግድግዳ ፍቄ ቀምሼዋለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። አምሮት ነው ወይስ በሽታ?

አዋላጅ ነርስ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10

አያሳፍርም፣ ግማሹ ታካሚዬ ከሰል ወይ አፈር ያምራታል። ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል። ነገ ሄደሽ ደምሽን ተለኪ። ግድግዳውን ተይው፤ የሆድ ትል ይዞብሽ ይመጣል።

የሂርማታዋ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

አብሽሪ ውዴ። እኔ ሁለቱንም እዚሁ ጅማ ነው የወለድኩት። እናቴ በሕይወት የለችም፣ አላህ ይዘንላት። ስለዚህ «እናት ቤት» የሚባለው ምርጫ አልነበረኝም። ማን አረሰኝ ብትዪ ጎረቤት ነው።

ከጤና ጣቢያ በባጃጅ ተመልሼ በሩን ስንከፍተው ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ነበር። ቁልፉን ለጎረቤት ጥዬ ነበር የሄድኩት። ከአጥር ማዶ ያሉት እናት ማርቃ፣ የኦሮሞ ገንፎ፣ ይዘው መጡ። መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ሞልቶታል፣ ዳርና ዳሩ ላይ ማር ፈሶበታል። በርበሬና ማር አንድ ላይ ይሄዳል ወይ አትበዪኝ፤ ብዪና ንገሪኝ። እሳቸው ኦሮሞ ሙስሊም፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ የዳውሮ ፕሮቴስታንት፣ ፊት ለፊት ያለችው ኦርቶዶክስ። ተራ ገቡ። ጠዋት አጥሚት አንዷ፣ ማታ ገንፎ ሌላዋ። የልጁን ልብስ ማን እንዳጠበው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ጥያቄሽን ቀይሪው። ከተማውን ተይውና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ሲያለቅስ ማን ይነሳልሻል? እሱን አስቢ። ቆጪ ስንት ጊዜ ሆነሽ? ጎረቤቶችሽን ታውቂያቸዋለሽ? ካላወቅሽ አሁኑኑ ተዋወቂ። የቡና ሽታ አልችልም ብለሽ በርሽን ዘግተሽ ከሆነ ኩራተኛ ናት ብለው ደምድመዋል፣ እኔ ልንገርሽ። ሂጂና «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሽታው ያመኛል» በያቸው። ነገ ራሳቸው ቆልተው ሲጨርሱ ይጠሩሻል።

ጠያቂ ሲበዛ ግን ጠንከር በይ። የባሌ ዘመድ ልጁ ገና ሳይጠባ ቅቤ ላቅምሰው ብላ ጣቷን ነክራ መጣች። እንጥሉ ይቆረጥ የሚልም አይጠፋም። «ሐኪም ከልክሎኛል» በያቸው። ይህቺ ቃል ከማንም ጋር ሳታጣላሽ ታሳልፍሻለች።

የድሮ ሰው
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

ቅቤ ማቅመስ ምን ክፋት አለው? እኛ ሁላችን ቅቤ ቀምሰን ነው ያደግነው።

አዋላጅ ነርስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እማማ፣ ክብር ይስጥልኝ። የሕፃን ሆድ ለቅቤ ገና አልተዘጋጀም፤ ተቅማጥና ኢንፌክሽን ያመጣል። ወደ ሳንባው ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት፣ እንገሩ፣ ይበቃዋል። እንገሩን «ቆሻሻ ነው» ብለው አልበው የሚደፉ አሁንም ያጋጥሙኛል። ልጁ የመጀመሪያ መከላከያውን የሚያገኘው ከሱ ነው። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ውኃም አያስፈልገውም። ቅቤውን ለእናትየው ገንፎ ያድርጉት፣ እዚያ ላይ አልከራከርዎትም።

የድሮ ሰው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

እሺ፣ ለገንፎው ከተፈቀደ ይሁን።

ሄጄ የመጣሁ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

እኔ ከጅማ ደሴ ሄጄ ነው የወለድኩት፤ የመጀመሪያዬን። ክፉም ደግም አለው።

ደጉን ላስቀድም። እናቴ ሌሊት ልጁን ከጎኔ አንስታ ትወስደዋለች። እተኛለሁ። ስነቃ ገንፎው ይተናል። ስለምንም ነገር አላሰብኩም። ገላዬን ስታጥበኝ እንደ ልጅነቴ ጸጉሬን ጎንጉና ነው የምትጨርሰው። ያን ጊዜ በገንዘብ አልለውጠውም።

ክፉው ደግሞ ይሄውላችሁ። የወለድኩበት ሆስፒታል የጅማ ካርዴን ቢያይም ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረኝ። ከዚያ በላይ የከበደኝ የባለቤቴ ነገር ነው። መሥሪያ ቤቱ ትንሽ ቀን ነው የሰጠው። መጣ፣ ልጁን ታቀፈ፣ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በስልክ ነው ያሳደገው። ጅማ ስመለስ ልጁ እሱን ሲያይ አለቀሰ። እሱም ዳይፐር መቀየር አያውቅም፣ ማቀፍ ይፈራል። እኔ እናቴ ጋ ስማር እሱ ምንም ሳይማር ቀረ። ያን ለማስተካከል ብዙ ተጨቃጨቅን።

ባልሽ «እንደፈለግሽ» የሚል ዓይነት ከሆነ ትተሽው ብትሄጂ የባሰ እንግዳ ይሆንብሻል።

የሰው ሀብት
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የዕረፍቱን ነገር ላጥራላችሁ፤ ሥራዬ ነው። የግል ድርጅት ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። አባት 3 ቀን፣ እሱም ከደመወዝ ጋር። መንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ነው የምትተዳደሩት፣ የራሳችሁን ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ከ30ው ቀን ገና 10ሩን ወስደሽ ብትወልጂ የቀረው 20 ቀን ከ90ው ላይ አይደመርልሽም። በወለድሽበት ቀን ዘጠናው መቆጠር ይጀምራል። በተቃራኒው 30ው አልቆ ካልወለድሽ እስክትወልጂ ይራዘምልሻል። ለምርመራ የምትሄጂበት ቀንም ከደመወዝ ጋር ነው፤ የሐኪም ወረቀት ብቻ አምጪ።

አባት ልሆን ነው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እኔም በሚቀጥለው ወር አባት ልሆን ነው። «እንደፈለግሽ» የሚለውን ሰውዬ ልከላከልለት።

እኛ ወንዶች ስለዚህ ነገር የሚነግረን የለም። ክትትል አብሬ ስሄድ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሃያ ሴቶች መሀል እኔ ብቻ። ሁሉም ያዩኛል። ቤት ስገባ እናቴና አማቴ በስልክ ይመካከራሉ፤ እኔ ስናገር ዝም ይላሉ። አንድ ጊዜ «ገንፎ ማገንፋት አስተምሩኝ» ብዬ የሳቁብኝ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እና «እንደፈለግሽ» የምንለው ግድ ሳይሰጠን ቀርቶ አይደለም። የተሳሳተ ነገር እንዳንናገር ነው።

የሂርማታዋ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡25

ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ ነው። ግን እሷ የሰማችው «ራስሽ ተወጪው» ብለህ ነው። «እኔ እዚህ ብትወልጂ ደስ ይለኛል፤ ሌሊት እኔ እነሳለሁ» ብትላት ምን ይቆርጥሃል? ባትስማማ እንኳ አቋምህን ታውቃለች።

ገንፎውን ደግሞ እዚሁ ላስተምርህ። ውኃው ፈላ ሲል ዱቄቱን በአንድ ጊዜ አትገልብጠው። በትንሽ በትንሹ በተን እያደረግክ በማማሰያ አሸው፤ ክንድህ እስኪዝል። እሳቱን ቀንስና ክደነው። ጥሬ ጥሬ ካለህ አልበሰለም።

የሰፈር ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሚስት ሳላገባ ገንፎ ተማርኩ።

የቡና አበባ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ሁላችሁንም አነበብኩ። ደሜን ተለካሁ፤ ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ አይረኑን እንዳላቋርጥ ነገሩኝ። ጎረቤቶቼ ጋም ሄድኩ! የግራዋ እናት «እኛ እኮ ኮርታብን ነው ብለን ነበር» አሉኝ በግልጽ። የሂርማታዋ፣ ነቢይ ነሽ።

አሁን ደግሞ የቀን ጭቅጭቅ መጣ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድም በወር አበባም አስልቶ ጁላይ 18 ብሎ ጻፈልኝ፤ ሐምሌ 11 ማለት ነው። እናቴ ደግሞ በራሷ ቆጥራ «ከሐምሌ 20 በፊት አትወልጂም» ትላለች። ለማን ነው የምገዛው? ዕረፍቴንም፣ መንገዱንም፣ ሁሉንም የሚወስነው ይሄ ቀን ነው።

ቀን ቆጣሪ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡40

ደስ የሚል ጥያቄ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚነሱበት ቀን ነው የተለያየው።

እናትሽ የቆጠሩት «ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን» ነው፣ ከተፀነሰበት ቀን። ይሄ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ቁጥር ነው። ጽንሰቱ መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29። መሀሉ ላይ ዘጠኝ ወርና አምስቷ የጳጉሜን ቀን አለ፤ 275 ቀን። ሐኪሙ ደግሞ የሚነሳው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው፣ 280 ቀን። ጽንሱ ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ በሐኪሙ ስሌት ከጽንስ እስከ ወሊድ 266 ቀን ይሆናል። 275 ሲቀነስ 266፣ 9 ቀን። ከሐምሌ 11 እስከ 20 ስንት ነው?

አዋላጅ ነርስ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡05

ጎበዝ። እኛም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስናሰላ የመጨረሻው ወር አበባ የጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን እንጨምራለን። መሀል ጳጉሜን ካለፈች 9 ወር ከ5 ቀን። የቡና አበባ፣ ያንቺ ጥቅምት 1 ጀምሮ መሆን አለበት።

ግን ቀኑን ጣዖት አታድርጉት። በተባለችበት ቀን የምትወልድ ከሃያ አንዷ ብትሆን ነው። ከ37ኛው እስከ 41ኛው ሳምንት መሀል በማንኛውም ቀን ዝግጁ ሁኚ። 41ን ካለፈ ግን እናቴ ቀን አላት ብለሽ ቤት እንዳትቀመጪ።

ቀኑ ሳይደርስም ቶሎ የምትመጪባቸው አሉ። ደም ከታየሽ፣ የሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ወይ የዓይን ብዥታ ካለ፣ ፊትና እጅሽ ድንገት ካበጠ፣ ልጁ እንደ ወትሮው መንቀሳቀሱን ከቀነሰ። ሌሊትም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። የአምቡላንሱን ቁጥር ከጤና ጣቢያሽ ጠይቀሽ ያንቺም የባልሽም የጎረቤትሽም ስልክ ላይ መዝግቢ። የምታውቂውን የባጃጅ ልጅ ቁጥርም ጨምሪ።

ያልተስማማሁ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይሄ ሁሉ ስሌት ምን ያደርጋል? ድሮ እናቶቻችን ማሳ ላይ ወልደው እትብት ቆርጠው ይገቡ ነበር። የዛሬ ሴት አበዛችው።

የድሮ ሰው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡50

አንተ ልጅ፣ እኔ ከነዚያ እናቶች አንዷ ነኝ። ማሳ ላይ ወልደው የገቡትን ነው የምትቆጥረው። ያልገቡትንስ? እህቴን በምጥ ነው የቀበርናት። አርፈህ ተቀመጥ።

የሰፈር ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡52

እማማ ይግደሉኝ።

ዝናብ ወዳጅ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ሐምሌ ጅማ ልትወልጂ ከሆነ ማንም ያላነሳውን ላንሳ፤ ልብስ አይደርቅም! እኔ ነሐሴ ላይ ወልጄ አብጃለሁ። ጨርቁን ታጥቢያለሽ፣ ታሰጪያለሽ፣ ፀሐይ ብልጭ ትላለች፣ ሮጠሽ ሳትደርሺ ዶፍ ይወርዳል። ማታ እርጥቡን ትሰበስቢያለሽ። የሚሸተው ሽታ ራሱ ሌላ ነው። ስለዚህ ከምታስቢው እጥፍ የጨርቅ ዳይፐር አዘጋጂ። በረንዳ ላይ ጣሪያ ሥር ገመድ አሁኑኑ አስወጥሪ። ለሌሊት የሚጣለውን ዳይፐር ግዢ። እዚሁ ጅማ መርካቶ በብዛት ብትገዢ ከሰፈር ሱቅ ይረክሳል።

አደራ የምልሽ ግን ይሄን ነው። ልብስ ለማድረቅም ሆነ አራስ ቤቱን ለማሞቅ ብለሽ ከሰል አቀጣጥለሽ በር አትዝጊ። ብርድ ይመታታል ብለው ምድጃውን አልጋ ሥር የሚያስጠጉ አሉ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል፣ እናትንም ልጅንም። በቅርጫት ላይ ልብስ ዘርግተሽ የምታደርቂ ከሆነ ውጪ፣ በረንዳ ላይ።

የቡና አበባ
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡00

ወሰንን። ጅማ ነው የምወልደው።

ባለቤቴ ይሄን ሁሉ አነበበ፤ ስልኬን ሰጠሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔም እዚህ ብትወልጂ ነው የምፈልገው፤ አንቺን ከእናትሽ የነጠልኩ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው» አለኝ። ስምንት ወር ሙሉ ይሄን መናገር አቅቶት! ለእናቴም ራሱ ደወለላት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ውጪ ወጥቶ ነው ያወራው። ሲመለስ «ትመጣለች» አለኝ። ላሞቹን የአጎቴ ልጅ ሊይዝ፣ አባቴ አክስቴ ጋ ሊመገብ ተስማሙ። በጉ ግን ተሽጧል፤ እናቴ ከሁሉም ያዘነችው በሱ ነው።

አሁን ችግሩ ሌላ ሆነ። አማቴም «እኔስ? አጋሮ ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጬ የሰው አገር ሰው ቀድማኝ ልትገባ ነው?» አሉ። ሁለቱም ሊመጡ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። እናቴ ኦሮምኛ አትችልም፣ አማቴ አማርኛቸው የገበያ ነው። ሁለቱም ገንፎ ላይ የራሳቸው አቋም አላቸው። የእናቴ ገብስ ነው፤ አማቴ ደግሞ በቆሎ ካልገባበት አይሆንም ይላሉ። እንዴት ነው የማስታርቃቸው?

የሂርማታዋ
እሑድ፣ ከቀኑ 11፡10

ማሻአላህ! ደስ ሲል።

አብረው አታምጫቸው። እናትሽ ከወሊዱ በፊት መጥተው ምጡንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይያዙ። አማትሽ ቅርብ ስለሆኑ በሳምንት አንዴ ማርና አቮካዶ ይዘው ይምጡና ይመለሱ፤ እናትሽ ሲሄዱ ደግሞ እሳቸው ይተኩ። ምክንያቱን ለአማትሽ ባልሽ ይንገራቸው፣ አንቺ አትግቢበት። የመጀመሪያውን ቀን ገንፎ ግን አማትሽ ያገንፉ። ክብሩን ከሰጠሻቸው ሌላውን ይለቁልሻል።

ሄጄ የመጣሁ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡00

እናትሽ ጅማ ስትገባ ሰው ስለማታውቅ ይጨንቃታል፤ እሱን አስቢበት። የኔ እናት አንዴ ልትጠይቀኝ መጥታ በሳምንቷ «ዶሮዎቼ» ማለት ጀምራ ነበር። በመጣች ማግስት የግራዋን ጎረቤት ጋ ለቡና ውሰጃት። የደብረ ብርሃን ሰው ከጅማ ቡና ጋር ከተገናኘ አይቸኩልም።

አዋላጅ ነርስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጥሩ ወስናችኋል። በሚቀጥለው ቀጠሮሽ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ምጥ ላይ አብሮሽ የሚገባ ሰው ይፈቀድ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሆነም። አንድ ብቻ ከሆነ እናትሽ ናት ወይስ ባልሽ? አሁን ተነጋገሩበት። በር ላይ ቆማችሁ የምትወስኑት ነገር አይደለም።

ልደቱን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብም እንዳትረሱ። ለአባትየው የሚሆን ሥራ ነው፣ የወሊድ ማረጋገጫውን ይዞ ይሂድ።

የቡና አበባ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡00

ባልየው «እኔ ነኝ የምገባው» ብሏል። እናቴ ስትሰማ ምን እንደምትል እናያለን።

የመጨረሻ ጥያቄ። እናቴ ስትመጣ የተነጠረ ቅቤና የአጃ ዱቄት ይዛ ነው። ከዚያ ድረስ በመኪና ነው፤ ጊቤ ላይ ያለውን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ባለፈው ጊዜ የላከችው ቅቤ ፈስሶ የሰው ሻንጣ አበላሽቶ ሹፌሩ ሰድቦኛል። በምን ትያዘው?

የሰፈር ልጅ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20

በመጨረሻ የማውቀው ጥያቄ መጣ! ዕቃ ጫኝ ነበርኩ። ክዳኑ በሚጠመዘዝ ጄሪካን፣ አፍ ድረስ ሳይሞላ። ክዳኑ ሥር ላስቲክ ታድርግበት፣ ከዚያ በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልላ ትሰረው። ጣሪያ ላይ አታስጭን፤ እግሯ ሥር ትያዘው። ዱቄቱ ጣሪያ ላይ ቢወጣ ግን በሸራ ካልተሸፈነ ወሊሶ ላይ ዝናብ ያገኘዋል።